"ገበያው ወጣ" ሲሏችሁ "በማን ሚዛን?" በሉ

ተናድጄ የምጽፈው ስለሆነ ከረዘመባችሁ ይቅርታ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ነገር ለጠፈ። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። የጻፈው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ ነገ ደግሞ እንደ አሜሪካው ዳው ጆንስ፣ እንደ እንግሊዙ ፉትሲ የራሳችን ብሉ ቺፕ ኢንዴክስ ይኖረናል፤ ይህ ኢንዴክስ "የሀገሪቱ ኢኮኖሚ መስታወት" ይሆናል፤ ኢንዴክስ ደግሞ ሁሌም የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብራችሁን አስቀምጣችሁ አትተኙ፣ አክሲዮን ግዙ። ላይኩ ጉድ ነው። ከሥሩ የየቡ፣ የአጋሮና የጅማ ልጆች "ትክክል"፣ "ብሮ ገባህ" እያሉ ተሰልፈዋል።

በማግሥቱ ሌላ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ቲቸር፣ አባቴ ቡናውን ጥሩ ሸጧል። ብሩን ምን እናድርገው እያለ ነው። ኢንዴክስ ሁሌ ስለሚጨምር አክሲዮን ይግዛበት?"

የመጀመሪያውን ሳነብ ፈገግ ብዬ አልፌ ነበር። ሁለተኛው ነው ያስቀመጠኝ። የቡና ብር በዓመት አንዴ እንደሚመጣ የማያውቅ የቡ ውስጥ የለም። ቡናው ዘንድሮ በደንብ ከሰጠ ለከርሞ ማረፉም ያለ ነው። ከዚያች ብር ላይ የልጅ ትምህርት አለ፣ የጣራ ቆርቆሮ አለ፣ እዳ አለ፣ የለቀማ ሠራተኛ አለ። እና ያ ብር "ሁሌ ይጨምራል" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊሄድ ነው።

"ባለ ዲፕሎማ መምህር ስለ ስቶክ ማርኬት ምን አገባው?" የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ልክ ናችሁ፣ ብሮከር አይደለሁም። ኢንዴክስ ግን ሌላ ምንም ሳይሆን አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ የኔ ሥራ ነው፤ ጠመኔ ይዤ ስንት ዓመት የቆምኩበት ነገር ነው።

እንጀምር። ኢንዴክስ ማለት የተመረጡ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ዘንቢል ከትተህ የዘንቢሉን ዋጋ በየቀኑ መመዘን ነው። የመጀመሪያው ቀን ዋጋ የሆነ ክብ ቁጥር ይሰጠዋል። ፉትሲ 100 በፈረንጆቹ 1984 ሲጀመር 1000 ተብሎ ነው የተነሳው። ዘንቢሉ 5 በመቶ ከከበደ 1050 ይባላል፣ ከቀለለ 950። "ብሉ ቺፕ" የሚለው ስም ከፖከር ቁማር የመጣ ነው፤ በቁማሩ ላይ ውዷ ጠጠር ሰማያዊዋ ናት። ትልልቅና ስማቸው የገነነ ኩባንያዎች ለማለት ነው እንግዲህ። (አንድ የስታፍ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ "ገና ከስሙ!" ብሎ ስቋል።)

እስካሁን ችግር የለም። ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ያሉት እኩል አይቆጠሩም።

ሦስት ኩባንያ ያለው ገበያ አስቡ። "ሀ" የገበያ ዋጋው 800 ሚሊዮን ብር፣ "ለ" 150 ሚሊዮን፣ "ሐ" 50 ሚሊዮን ነው። ድምሩ 1000 ሚሊዮን ስለሆነ ኢንዴክሱን 1000 ብለን እንነሳ። በአንድ ሳምንት ውስጥ "ሀ" 10 በመቶ ጨመረ፤ "ለ" እና "ሐ" እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ወደቁ። ደምሩት፦ 80 ይጨመራል፣ 30 ይቀነሳል፣ 10 ይቀነሳል። ኢንዴክሱ 1040 ሆነ። ማታ ዜና ላይ "ገበያው በ4 በመቶ አደገ" ይባላል። ከሦስቱ ኩባንያ ሁለቱ አምስተኛ ዋጋቸውን ባጡበት ሳምንት! የ"ሐ" አክሲዮን ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን እያየ ኪሱን ይዳብሳል። ዜናውም አልዋሸም፣ እሱም አልተሳሳተም።

ይሄ እንግዲህ በገበያ ዋጋ የሚመዘነው ዓይነት ነው፤ አብዛኛው የዓለም ኢንዴክስ በዚህ መንገድ ይሠራል። ዳው ጆንስ ደግሞ ሌላ ነው። ቻርልስ ዳው በፈረንጆቹ 1896 በ12 ኩባንያ ሲጀምረው ዋጋዎቹን ደምሮ አካፈለ፣ በቃ። ዛሬ 30 ኩባንያ ሆኖም መሠረቱ ያው የዋጋ ድምር ነው። ስለዚህ አንድ አክሲዮኑ 500 ዶላር የሆነ ኩባንያ አክሲዮኑ 50 ዶላር ከሆነው አሥር እጥፍ ይመዝናል፤ ባለ 50ው ኩባንያ በጠቅላላ ሀብቱ ቢበልጠውም እንኳ። የተማሪዎችን ውጤት በቁመታቸው አባዝቶ የክፍሉን አማካይ እንደማውጣት ነው። እኔ እንደዛ ባደርግ ወላጅ ኮሚቴ ይጠራኛል። ዓለም ግን ከመቶ ዓመት በላይ እያየ ያጨበጭብለታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 2017 ላይ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ማለትም የኩባንያው 10 በመቶ፣ አንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ነው፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ፣ ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። የቀረው በመንግሥት እጅ ነው።

አንድ ቀን ይህ ኩባንያ ብሉ ቺፕ ኢንዴክስ ውስጥ ገባ እንበል። ስንት ይመዝናል? 100 ሚሊዮኑ አክሲዮን 10 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ በ300 ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር። "አይ፣ የምንቆጥረው በሕዝብ እጅ ያለውንና ገበያ ላይ ሊሸጥ ሊለወጥ የሚችለውን ብቻ ነው" ካልን ግን 3.2 ቢሊዮን። ያው ኩባንያ፣ ያው ቀን፣ ያው ዋጋ! ዘንቢሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ኩባንያዎች ተደምረው 100 ቢሊዮን ቢሆኑ (ይህ ምሳሌ ነው)፣ በመጀመሪያው አቆጣጠር ኢትዮ ቴሌኮም የኢንዴክሱ 75 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው 3 በመቶ። በመጀመሪያው "የሀገሪቱ ኢኮኖሚ መስታወት" ያልከው ነገር የአንድ የስልክ ድርጅት መስታወት ሆነ ማለት ነው። የትኛው ይሁን የሚለውን የሚወስነው ኢንዴክሱን የሚሠራው ሰው ነው፤ ተፈጥሮ አይደለም፣ ፈጣሪም አይደለም።

ይህ የኔ ቅዠት እንዳይመስላችሁ ኬንያን እዩ። ሳፋሪኮም በፈረንጆቹ 2008 አንድ አክሲዮን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ከተሸጠ ወዲህ በናይሮቢው የሁሉም አክሲዮኖች ኢንዴክስ ውስጥ ክብደቱ እጅግ ትልቅ ነው። እሱ ሲያስነጥስ "የኬንያ ገበያ ታመመ" ይባላል። ጀርመኖች ይህን ስላወቁ ዳክስ በሚባለው የ40 ኩባንያዎች ኢንዴክሳቸው ውስጥ አንድ ኩባንያ ከተወሰነ ድርሻ በላይ እንዳይመዝን ጣሪያ አድርገዋል። የኛስ ጣሪያ ይኖረው ይሆን? ልጄ፣ "መስታወት" ብለህ ከመጻፍህ በፊት ይህንን ብትጠይቅልን ነበር የምኮራብህ።

ደግሞ ዘንቢሉ ውስጥ ማን አለ? ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ቀጥሎ ገዳ ባንክ። ሁለቱም ባንክ ናቸው። በርካታ ባለ አክሲዮን ያላቸው ኩባንያዎቻችንም ባንክና ኢንሹራንስ ናቸው። ስለዚህ ኢንዴክሱ መጀመሪያ አካባቢ የሚለካው በዋናነት የባንኮችን ትርፍ ነው። ባንክ ደግሞ መቼ ያተርፋል? ወለዱ ሲወደድም ያተርፋል። ተበዳሪው እያለቀሰ ኢንዴክሱ ሊስቅ ይችላል። ትልቁ ባንካችን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ነው፤ አየር መንገዱም የመንግሥት ነው። የማና ወረዳ ገበሬ ደግሞ አክሲዮን ማኅበር አይደለም፤ ጓሮው ያለች የቡና ዛፍ ዋጋዋ የትም አይመዘገብም። ከሀገሪቱ ዋና ዋና የወጪ ንግድ ምርቶች አንዱን የሚያመጣው ሰው በ"ኢኮኖሚው መስታወት" ውስጥ የለም! ፊትህን የማያሳይ መስታወት ምን ይሉታል?

የእንግሊዙም ቢሆን ከኛ አይሻልም። በፈረንጆቹ 2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ድምፅ ሲሰጡ ፓውንዱ ወደቀ፣ ሀገሩ ተደናገጠ። ፉትሲ 100 ግን በሳምንቱ ውስጥ ከነበረበት በላይ ወጣ። ለምን? ውስጡ ያሉት ግዙፍ ኩባንያዎች አብዛኛውን ገቢያቸውን የሚያገኙት ከውጭ ሀገር በዶላርና በሌላ ገንዘብ ነው፤ ፓውንድ ሲረክስ ገቢያቸው በፓውንድ ሲቆጠር አበጠ። የገንዘብ መውደቅ እንደ ኩባንያ እድገት ሆኖ ታየ።

ይህን ለኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። በዚያ ዓመት ኢንዴክስ ቢኖረንና "በ30 በመቶ አደገ" ቢባል ምን ማለት ነበር? ያ ብር የሚገዛው ጤፍና ማዳበሪያ ስንት ሆነ ብሎ ያልጠየቀ ሰው ያጨበጭብ ነበር። ዚምባብዌ ውስጥ በዚያ የዋጋ ግሽበት እብደት ዘመን የሐራሬ አክሲዮን ገበያ ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ሰዉ ግን ዳቦ ማግኘት አልቻለም።

"ሁሌም ወደ ላይ" የምትለዋ ደግሞ በጣም ነው የምታናድደኝ። የጃፓኑ ኒኬይ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1989 ወደ 38,915 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወደቀ። ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው የካቲት 2024 ነው። 34 ዓመት! በዚያ ከፍታ ቀን የገዛ የ40 ዓመት ጃፓናዊ ቁጥሩ ሲመለስ 74 ዓመቱ ነው። ያውም የጃፓን ነው የማወራችሁ፣ ፋብሪካው ቀን ከሌት የሚሠራ ሀገር።

የሚወጡትም ቢሆኑ እንዴት እንደሚወጡ እዩ። የኢንዴክስ አባላት ይለዋወጣሉ። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1896ቱ የዳው የመጀመሪያ 12 ውስጥ ነበር፤ በ2018 ተቀነሰ። ያነሰው ይወጣል፣ ያደገው ይተካል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አልረሳችሁም፤ እኔ በበኩሌ አልረሳሁም። እስቲ አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ወደ ኋላ የቀሩትን እያስወጣ ከሌላ ቦታ ጎበዞችን ቢተካ ምን ይሆናል? የትምህርት ቤቱ ውጤት ከዓመት ዓመት ያምራል። የተባረረው ልጅ ግን አልጎበዘም። አባላት መቀያየራቸው ማጭበርበር አይደለም፣ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ኩባንያው እስከወጣበት ቀን ያለው ኪሳራም ይቆጠራል። ነገር ግን የተማሪዬ አባት ሊገዙ ያሰቡት ዘንቢሉን ሳይሆን የአንድ ባንክ አክሲዮን ነው። ኢንዴክሱ የደከመውን አውጥቶ ይቀጥላል፤ እሳቸው የደከመውን ታቅፈው ይቀራሉ። "ኢንዴክስ ይጨምራል" እና "የገዛሁት አክሲዮን ይጨምራል" ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ጭቅጭቄ በሙሉ ይህቺ ላይ ነው።

ዘንቢሉን ራሱን መግዛት የሚቻልበት ሀገር አለ። ጆን ቦግል የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1976 ለተራው ሕዝብ ኢንዴክሱን እንዳለ የሚገዛ ፈንድ ጀመረ፤ ዎል ስትሪት ሳቀበት፣ በኋላ ግን ሚሊዮኖች ተከተሉት። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም እንዲመጣ እመኛለሁ። ግን ያ ሳይመጣ የሱን ምስጋና ለአንድ ባንክ አክሲዮን ማልበስ ተገቢ አይደለም።

አንዲት ነገር ደግሞ ትቀረኛለች፣ የትርፍ ድርሻ። እኛ ሀገር አክሲዮን የያዘ ሰው በአብዛኛው የሚጠብቀው በዓመቱ መጨረሻ የምትከፈለውን የትርፍ ድርሻ ነው። ፉትሲም ዳውም የሚነገረው ቁጥራቸው የትርፍ ድርሻን አይጨምርም፤ የዳክስ ግን ይጨምራል። ስለዚህ "ዳክስ ከፉትሲ በለጠ" ብሎ የሚያወዳድር ሰው አንዱን ከነደመወዙ፣ ሌላውን ያለ ደመወዙ ነው የሚመዝነው። የኛው በየትኛው ይሠራል? ይህም ገና ከአሁኑ ሊጠየቅ የሚገባ ነው።

የቡ ሰው ግን በዚህ ሁሉ መታለል አልነበረበትም። እኛ ከሩቅ ሀገር ቁጥር ጋር ነው ያደግነው። "ኒውዮርክ ስንት ገባ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰብሳቢ የሌለበት የቡና መንደር አለ? የሚገርመው፣ ያ የኒውዮርክ የቡና ውል የየትኞቹን ሀገሮች ቡና እንደሚቀበል ስም ዝርዝር አለው። ብራዚል አለች፣ ኮሎምቢያ አለች፣ ኬንያ አለች፣ ሕንድ ሳትቀር አለች። የቡና መገኛ ኢትዮጵያ የለችበትም! የኛ ቡና በሌለበት ቁጥር የኛ ቡና ይተመናል። በየካቲት 2017 ያ ቁጥር በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር ሁላችንም ደስ አለን። ጀንፈሉን ቤቱ ያቆየ ተጠቀመ። በጥቅምት እሸቱን በእዳ ያስረከበው ግን ቁጥሩን የሰማው በሬዲዮ ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ የሱ ግን አልነበረም።

አሁን "መምህሩ ስቶክ ማርኬት ጠላ" የሚል ኮመንት ይመጣል። አልጠላሁም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ደርግ በ1967 ኩባንያዎቹን ሲወርስ ተዳፈነ፣ ሁለት ትውልድ ሳያውቀው አለፈ። ስለዚህ መመለሱ ጥሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም አለ፤ ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ዝርዝር መግለጫ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፣ አገናኞችም ፈቃድ ይዘው ነው የሚሠሩት። ከዚህ በፊት በየቡና ቤቱ "ምሥረታ ላይ ያለ ባንክ" እየተባለ አክሲዮን ሲሸጥ ከነበረው ይሄ በእጅጉ ይሻላል። የምጠይቀው፣ ኢንዴክሱ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ሕጉ በአማርኛና በኦሮምኛ ይውጣልን ነው። እነማን ገቡ? በምን ተመዘኑ? የመንግሥት ድርሻ ይቆጠራል ወይ? ጣሪያው ስንት ነው? በስንት ወሩ ይከለሳል? የትርፍ ድርሻ አለበት ወይ? ጋዜጠኞችም "ገበያው ወጣ" ስትሉ ከመቶ ኩባንያ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ የምትል አንዲት መስመር ጨምሩልን።

ለዚያ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ልጅ የመለስኩለትን እዚህም ልድገመው፣ ሌሎችም ሳትጠይቁኝ አትቀሩም። ለአባትህ እንዲህ በልልኝ፦ "በርሲሳ ሰላም ብሎሃል። መጀመሪያ እዳህን ክፈል። የለቀማውንና የቤቱን ለይተህ አስቀምጥ። ከዚያ የተረፈች፣ ለዓመታት ባትነካት የማትጎዳህ ብር ካለች፣ ያኔ ስለ አክሲዮን እናውራ።" የኩባንያውን መግለጫ ይዘህ ና፤ ባለፉት ዓመታት ምን ያህል የትርፍ ድርሻ ከፈለ፣ መሸጥ ብትፈልግ የሚገዛህ አለ ወይ፣ እነዚህን አብረን እናያለን። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ቡና አለ። የኢንዴክሱን ቁጥር ግን ይዘህብኝ እንዳትመጣ።

ለዚያ ላይክ ለተሰበሰበለት ተማሪዬ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። የቀራችሁትም ሞክሩት፦

አራት ኩባንያዎች አሉ። "ሀ" 600 ሚሊዮን ብር፣ "ለ" 200 ሚሊዮን፣ "ሐ" 150 ሚሊዮን፣ "መ" 50 ሚሊዮን። ኢንዴክሱ ከ1000 ይነሳል። በወሩ "ሀ" 10 በመቶ ወረደ፤ "ለ" 10 በመቶ፣ "ሐ" 10 በመቶ፣ "መ" 20 በመቶ ወጡ። ተራ ቁጥር 1፦ አዲሱ ኢንዴክስ ስንት ነው? ተራ ቁጥር 2፦ የ"ሀ" 90 በመቶ የመንግሥት ስለሆነ አይቆጠርም፣ 10 በመቶው ብቻ ይቆጠራል ብንልስ ስንት ይሆናል? ተራ ቁጥር 3፦ ገበያው ወጣ ወይስ ወረደ?

መልሱን ኮመንት ላይ ጻፉ። አሠራሩን ሳያሳይ መልስ ብቻ የጻፈ፣ እንደ ድሮው ዜሮ ነው።